የዘጋሁት መተንፈሻ፦ ከደብረ ብርሃን እስከ ቡሌ

ማክሰኞ

ከደብረ ብርሃን የተነሳሁት ሰው ላይ ልመሰክር ነው። ይህን ሳልሸፋፍን ከመጀመሪያው መናገር ይሻላል። ዲላ የሚኖሩት ሐጂ ሰይድ ሰውና ቡና የሚያመላልሱ ሁለት አሮጌ የሜዳ መኪኖች አሏቸው። ከጥቂት ወራት በፊት ሁለቱንም እኔ ጋራዥ ልከው የኋላ ዲፍረንሻላቸውን አድሼላቸዋለሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት አንደኛዋ ከዲላ በላይ ደጋ ላይ ካለችው ከቡሌ ቁልቁል ስትወርድ ፍሬን እምቢ አላት። ሾፌሩ ታሪኩ ገደሉን ትቶ እንሰት ውስጥ ከተታት፤ ወይዘሮ አስቴር የተባሉ ተሳፋሪ ክንዳቸው ተሰበረ። ታሪኩ ከሥራ ታገደ። የሴትየዋ ቤተሰቦች ነገሩን ለሽማግሌዎች ሰጡ፤ ለቅዳሜም ቡሌ ላይ ተቀጠረ። ሐጂ ደውለው «ወንድሜ ሙሉጌታ፣ መኪናዋን የምታውቃት አንተ ነህ። ናና እያት። ጥፋቱ የልጁ ከሆነ ይሂድ። ካልሆነ ግን ወላሂ የሰው እንጀራ መዝጋት አልፈልግም» አሉኝ።

እኔ መልሱን ስልኩን ሳልዘጋ አውቄው ነበር። በዚህ ሙያ ሃያ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ፤ «ፍሬን እምቢ አለኝ» የሚል ሾፌር ስንቱን አይቻለሁ! በካምቢዮ ይዞ መውረድ ሲገባው ፍሬኑን ረግጦ ረግጦ ያቃጥልና ከዚያ ብረቱን ይወቅሳል። ሾፌር ሲባል አላምንም፤ ሚስቴም ይህን ጠባዬን ታውቃለች። «ሳታየው ፈርደህበት ልትሄድ ነው?» አለችኝ ከረጢቴን ስታቀብለኝ። ከረጢቴን ተቀብያት ወጣሁ።

ስነሳ ብርዱ አጥንት ይሰረስር ስለነበር ወፍራሙን ካፖርቴን ደርቤ ነበር። አዲስ አበባ ላይ መኪና ቀይሬ ሞጆን ስናልፍ ላብ በላብ ሆንኩ። ካፖርቱን አውልቄ ብይዘው አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ላይ ይዘረፈጣል፣ ከላይ ብሰቅለው ይወድቃል። በመጨረሻ ሴትየዋ «እባክህ ወንድሜ አምጣው፣ ልያዝልህ። እኔ ልጅ አቅፌ መሄድ የለመድኩ ነኝ» ብላ እስከ ሻሸመኔ አቅፋልኝ ሄደች። ሐዋሳ ያደርኩበት ፔንሲዮን ንጹሕ ቢሆንም አጎበሩ ቀዳዳ ነበረው፤ የሐዋሳ ቢምቢ ደግሞ ቀዳዳውን ከእኔ ቀድማ ታውቀዋለች። እኛ ጋ ሌላው ቢቀር ቢምቢ የለም።

ረቡዕ

ሐዋሳና ዲላ ሩቅ አይደሉም፤ እኔ ግን ሌላ ዓለም የገባሁ መሰለኝ። የእኔ አገር ገላጣ ነው። ገብስ፣ የድንጋይ አጥር፣ ከዚያ ሰማይ። ጎረቤቴ ከገበያ ሲመለስ ከግማሽ ሰዓት በፊት አየዋለሁ። እዚህ ከላይ ትልልቅ ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና፣ ከቡናው ሥር ደግሞ ጎመን። ባዶ ቦታ ፈልጌ አጣሁ። አጠገቤ የተቀመጡትን አዛውንት «ባዶ መሬት የላችሁም እንዴ?» ብላቸው ከልባቸው ተገርመው አዩኝና «ባዶ ለምን ይሆናል?» አሉኝ።

ሐጂ መናኸሪያ ድረስ መጥተው ተቀበሉኝ። ትውልዳቸው ከሸዋ ሮቢት ስለሆነ እኔን እንደ አገር ልጅ ነው የሚያዩኝ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘይነባ ጾም መሆኑን አስበው ሽሮና ጎመን በዘይት ሠርተው ጠበቁኝ። «ድስቱ አዲስ ነው፣ ቅቤ ነክቶት አያውቅም፤ አብሽር ብላ» አሉኝ። እኔ ቤት ሙስሊም እንግዳ ቢመጣ ይህን ያህል የምጨነቅ አይመስለኝም። አፈርኩ።

ሐሙስ

መኪናዋ ከግቢው ጥግ ግንባሯ ተጨራምቶ ቆማለች። በክሪክ አንስቼ የግራውን የኋላ ጎማ ፈታሁ። ፍሬኑን የሚከድነውን ታንቡር በመዶሻ መትቼ ሳወጣው ዘይት እግሬ ላይ ተንጠባጠበ። ክው አልኩ። የፍሬን ሸራው ቅቤ የጠጣ ይመስላል፤ እንዲህ የሆነ ሸራ ምንም አይዝም። ልጁ አልዋሸም፤ ፍሬኑ እውነትም እምቢ ብሎታል። ቀኙን ስፈታ እሱም ያው። ዘይቱ ወደ ጎማ እንዳያልፍ የሚያግዱት የላስቲክ ቀለበቶች በዚህም በዚያም አሳልፈዋል። አንዱ ቢያረጅ ይገባኛል። ሁለት አዲስ ቀለበት፣ በራሴ እጅ የገጠምኳቸው፣ አንድ ላይ?

ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ዲፍረንሻል የሚባለው የሞተሩን ጉልበት ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍሉት ጥርሶች ቤት ነው፤ በኋላ ጎማዎች መሃል አብጦ የሚታየው ብረት ማለት ነው። ውስጡ ዘይት አለ። አናቱ ላይ ደግሞ የጣት ጫፍ የምታህል መተንፈሻ አለችው። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ደንበኛዬ በክረምት ወንዝ ተሻግሮ ሲመጣ ዘይቱ ውሃ ገብቶበት ማኪያቶ መስሎ አገኘሁት። ውሃው የገባው በዚያች መተንፈሻ ነው አልኩና ነቅዬ ቡሎን ገጠምኩበት። ከዚያ ወዲህ በእጄ ያለፈ የሜዳ መኪና ሁሉ ቡሎኑን ሳያገኝ አይወጣም። ሰዉ ወደደልኝ፤ «የሙሉጌታ ቡሎን» እስከመባል ደረሰ። በዚችኛዋም ላይ ቡሎኔ እንዳጠበቅኩት ጥብቅ ብሎ አገኘሁት፤ እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ።

ሐጂ መጥተው አጠገቤ ቁጢጥ አሉ። «እህሳ?»

«ዘይት ከልክ በላይ ሞልቶባታል። ሞልቶ ሲፈስ ፍሬኑን ነካው» አልኳቸው።

«ታሪኩ ዘይት ሞላሁ አላለኝም።»

«ሞላሁ የሚል ሾፌር አይተው ያውቃሉ?»

ሐጂ አልሳቁም። «እሺ። ቅዳሜ ይህንኑ ትናገራለህ» ብለው ተነሱ። ዘይቱን ለክቼው አልነበረም። አሁን ሳስበው የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው፤ መለኪያው ከረጢቴ ውስጥ ነበር።

ለምሳ የተደረገልኝን ሳልጽፍ አላልፍም። ሐጂ የገዙትን ዶሮ ከነነፍሱ ለክርስቲያን ጎረቤታቸው ልከው ኖሯል። ጎረቤትየዋ አርዳ፣ ሠርታ፣ በሞሰብ ይዛ መጣች። ሐጂና ቤተሰባቸው የራሳቸውን ምግብ፣ እኔ የእኔን ዶሮ፣ አንድ ክፍል ውስጥ አብረን በላን። እንዲህ የሚያከብሩኝ ሰው ሳልለካ የተናገርኩት ቃል ይዘው ሊሄዱ ነበር።

ዓርብ

ሐጂ ለጁምዓ ዲላ ቀሩ። እኔ ሁለተኛዋ መኪና እንዴት እንደምትሠራ ልይ ብዬ ከሾፌሯ ከሰለሞን ጋር ባንኮ ጎቲቲ ወደሚባል የቡና አገር ሄድኩ። ወቅቱ እሸት ቡና የሚለቀምበት ነው። ቀዩ ፍሬ በተለቀመበት ቀን የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ካልደረሰ ይበላሻል፤ ስለዚህ መኪና እዚህ አገር ጊዜ የለውም። ከይርጋጨፌ አልፈን ከአስፋልቱ ስንወጣ መንገዱ ዳገትና ቁልቁለት ብቻ ሆነ። የሰዉ ብዛት ደግሞ! እኛ ጋ መንገድ ላይ ይህን ያህል ሰው የማየው ለቅሶ ሲኖር ነው።

ማጠቢያው ግቢ እንደገባን ዙሪያውን እያየሁ ስራመድ የቡና ገለፈት የሚወርድበት ቦይ ውስጥ እስከ ጉልበቴ ገባሁ። ቡናው የተሰጣበት አልጋ ዳር ቆመው የሚለቅሙ ሴቶች በሳቅ ፈረሱ። አንዷ ሳትጠይቀኝ ጫማዬን ተቀብላ አጥባ ፀሐይ ላይ አሰጣችልኝ። በባዶ እግሬ ቁጭ ካልኩ አይቀር ብዬ ቡሎኔን ላይ መኪናዋ ሥር ገባሁ።

ቡሎኑ የለም።

በቦታው ጥቁር የላስቲክ ቱቦ ተሰክቷል። ቱቦውን በዓይኔ ተከተልኩት። መኪናዋ ስትዘል እንዳይበጠስ ከዲፍረንሻሉ በላይ ትርፍ ተትቶለታል። ከዚያ በሻሲው ላይ ታስሮ፣ ከጭስ ማውጫው ርቆ፣ ወደ ላይ ወጥቶ ነዳጅ የሚሞላበት አፍ አጠገብ ያልቃል። ጫፉ ወደ ታች ተቆልምሞ አቧራ እንዳይገባው በስስ ጨርቅ ተሸፍኗል። ንጹሕ እጅ ያለው ሰው ሥራ ነው። ደሜ ፈላ።

«ማነው ሥራዬን የነካው?» ብዬ ጮህኩ።

ሰለሞን አንገቱን ደፋ። ከዚያ የሚጠጣበትን የውሃ ጠርሙስ አምጥቶ የቱቦውን ጫፍ ፈታና በኋላው መስኮት አስገብቶ ውሃው ውስጥ ነከረው። «ጋሼ፣ ሞተሩን አስነስቼ ያንን ዳገት ልውጣው። እርስዎ ይህን ይዘው ከኋላ ይቀመጡ» አለኝ። ሳልወድ ወጣሁ። ዳገቱን ስንጀምር ጠርሙሱ ውስጥ አረፋ ቡልቅ ማለት ጀመረ። ዳገቱ በጨመረ ቁጥር አረፋው ጨመረ። ዲፍረንሻሉ እየጋለ፣ ውስጡ ያለው አየር እየሰፋ፣ መውጫ አግኝቶ እየወጣ ነው። ሰለሞን አዙሮ ወረደና ከሥር ያለው ወንዝ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ቀዝቃዛው ውሃ የጋለውን ብረት እንደነካው አረፋው ቆመ፤ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ውሃም በቱቦው ውስጥ ወደ ላይ ሲሳብ በዓይኔ አየሁት። ደንግጬ ቱቦውን ከውሃው መዘዝኩት።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን አላየሁም። መተንፈሻዋን ስዘጋ አየሩ የት እንደሚሄድ ራሴን ጠይቄ አላውቅም። መውጫ ያጣ አየር ዘይቱን በግራና በቀኝ ገፍቶ በላስቲክ ቀለበቶቹ ያሳልፈዋል። ከቡሌ በፊት ያለው ያ ሁሉ ዳገት መኪናዋን አግሎ ዘይቱን ወደ ፍሬኑ ገፍቶታል፤ ታሪኩ ቁልቁለቱን ሲጀምር ፍሬኑ አልቆለታል። የውሃውም ነገር ያው ነው። መተንፈሻዋን ከፍ ማድረግ እንጂ መዝጋት መፍትሔ አልነበረም። ጎማዎቹን ፈትቼ የዚችን ፍሬን አየሁ፤ ደረቅ ነው። ያው መንገድ፣ ያው ጭነት፣ ያው የእኔ እጅ። ልዩነቱ ቡሎኑ ብቻ ነው።

«ማን ሠራው?» አልኩ እንደገና፣ አሁን ቀስ ብዬ።

«ታሪኩ ነው። የፈሰሰውን ዘይት አይቶ ገብቶት ኖሯል፤ በታገደ በሦስተኛው ቀን ከቡሌ ዲላ ድረስ በእግሩ መጣ። ‹ሰለሞን፣ አንተንም ሳያጠፋህ እንክፈተው› አለኝ። ለሐጂ እንዳልነግር አስማለኝ።»

«ለምን?»

«ጋሼ፣ ‹የባለሙያ ሥራ አበላሽቶ በባለሙያ አሳበበ› ይሉኛል ብሎ ነዋ። እርስዎን ማን ይጠረጥራል?»

ዲላ ስንመለስ ሐጂ በር ላይ ቆመው «ሁለተኛዋስ እንዴት ናት?» አሉኝ። «ደህና ናት» አልኩ። አልፌያቸው ገባሁ። አንድ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ፤ ይህም ይጻፍ። የታሪኩን ምስጢር የሚያውቀው ሰለሞን ብቻ ነው፤ እሱም ምሏል። ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር።

ቅዳሜ

ቡሌ ስንደርስ ጉም ወርዶ ቆፈን ይዞናል። ካፖርቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ፤ አገሬ የገባሁ ያህል ተሰማኝ። መንገዱ ጭቃ ስለሆነ የመጨረሻውን ቁራጭ በእግር ሄድን። ሐጂ ሁለት ጊዜ ተንሸራተው ሁለቴም አንድ ገበሬ ክንዳቸውን ይዞ አቆማቸው፤ ሰውየው መንገዱ ወደ ሌላ ቢሆንም እስክንደርስ አልተለየንም።

ሽማግሌዎቹ የሚቀመጡበትን ቦታ ሶንጎ ይሉታል። ከፍ ያለ፣ ትልቅ ዛፍ ያለበት ሣር ነው። አጥር የለው፣ በር የለው፣ ግን ሰዉ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ወይዘሮ አስቴር ክንዳቸውን በነጠላ አንጠልጥለው ከወንድማቸው ጋር ተቀምጠዋል። ታሪኩን ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ቀጭን፣ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ ጋቢውን አጥብቆ የያዘ ሰው ነው። ተነስቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ያ ሰላምታ ከስድብ በላይ ወጋኝ።

ነገሩን የሚመሩት አቶ ጅግሶ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ታሪኩን በጌዴኦኛ ጠየቁት፤ ሰለሞን በጆሮዬ ተረጎመልኝ። ታሪኩ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «መኪናዋ በእኔ እጅ ነበረች።» ከዚያ አቶ ጅግሶ በአማርኛ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ እንግዳው፣ ብረት ታውቃለህ ብለውናል። በል ንገረን።»

ተነሳሁ። «ዘይት ሞላበት ብዬ ለሐጂ ነግሬያለሁ። ሳልለካ ነው የተናገርኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። ሐጂ «አላህ!» ብለው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። መተንፈሻዋን እንዴት እንደዘጋሁ፣ አየሩ ዘይቱን እንዴት እንደገፋው፣ ታሪኩ የሰለሞንን መኪና እንዴት እንዳዳነ ሁሉንም ተናገርኩ።

አቶ ጅግሶ ግንባራቸውን አኮማተሩ። «ይሄ ብረት ትተነፍሳለች እንዴ?»

«አዎ አባቴ።»

«አንተ ታውቅ ነበር?»

«መተንፈሻ እንደሚባል አውቅ ነበር። ለምን እንደሚተነፍስ አላሰብኩም።»

ከሽማግሌዎቹ ማንም አልሳቀም፣ ማንም አልጮኸብኝም። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ ወይዘሮ አስቴር ሄጄ ጎንበስ ብዬ ይቅርታ ጠየቅኩ። ሴትየዋ «የእኔስ ክንድ ይድናል። ይሄ ልጅ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ደጄ እየመጣ እንጨት ፈለጠልኝ፤ እኔ አንድ ቀን ቀና ብዬ አላየሁትም። እሱን ጠይቀው» አሉ።

ታሪኩን ጠየቅኩት። ትከሻዬን ይዞ ቀና አደረገኝና በአማርኛ «ጋሼ፣ እዚያ እናንተ አገር ስንት ዘግተዋል?» አለኝ።

መቁጠር ጀመርኩ። አስር፣ ሃያ፣ ከዚያ ጠፋብኝ። «አላውቅም» አልኩ።

አቶ ጅግሶ ከሌሎቹ ጋር ተመካከሩ። ታሪኩ ነጻ ነው፣ ወደ ሥራው ይመለስ ተባለ። የእኔን ግን አልቋጩትም። «የአንተ ነገር እዚህ አላለቀም። ሂድ፣ የዘጋኸውን ክፈት። ስትጨርስ ተመለስ፤ ያን ጊዜ እንመርቅሃለን» አሉኝ። ሳይመርቁኝ ተነሱ።

ያደርኩት ታሪኩ ቤት ነው። ሚስቱ ትኩስ ቆጮ በጎመንና በአይብ አቀረበችልኝ፤ ወፍራሙን ብርድ ልብስ ከራሳቸው አልጋ ላይ አንስታ ሰጠችኝ። ሦስት ሳምንት ገቢ ያልገባበት ቤት ነው።

እሑድ

የቡሌን ቁልቁለት ያወረደን ታሪኩ ነው፣ በሰለሞን መኪና። በካምቢዮ ይዞ፣ ፍሬኑን እየቆጠበ፣ እኔ ሾፌሮች አያውቁትም የምለውን ሁሉ እያደረገ ወረደ። እንሰቱ የተጨፈለቀበት ቦታ ስንደርስ አቆመ። መንገዱ በሌላ በኩል ገደል ነው። ወርጄ አየሁት፤ መኪናዋ ውስጥ ዘጠኝ ሰው ነበረ።

ዲላ ከሰዓት በኋላውን ከታሪኩ ጋር የተጎዳችው መኪና ሥር ተኝተን ዋልን። ቡሎኑን ፈታሁት። የፊተኛውንም የኋለኛውንም ዲፍረንሻል መተንፈሻ በቱቦ ወደ ላይ አወጣን፤ እሱ ያሳየኛል፣ እኔ አስራለሁ። ሐጂ ሻይ ይዘው መጥተው አጠገባችን ተቀመጡ። ስለ ሐሙሱ ቃሌ አንድም ጊዜ አላነሱብኝም። ሰኞ ማለዳ ወደ ሰሜን ተሳፈርኩ።

ከተመለስኩ በኋላ

ደንበኞቼን አንድ በአንድ ደወልኩላቸው። የመጡትን ከፈትኩ፤ አራቱ ላይ ዘይቱ ፍሬኑ ጫፍ ደርሶ አገኘሁት። የተሸጡም አሉ፣ የት እንደገቡ የማላውቃቸው። ይህን ማስታወሻ የምጽፈው ለእነሱም ጭምር ነው፤ መኪናችሁ ደብረ ብርሃን እኔ ጋ ታድሳ ከሆነ ዲፍረንሻሉ አናት ላይ እዩ፣ ቡሎን ካለበት ሳትነዱ አስፈቱት።

አንደኛዋ ግን ሊከፈትላት አይችልም። ባለፈው ዓመት ጣርማበር ቁልቁለት ላይ ገደል ገብታ ሾፌሯ ጌታቸውና ሁለት ተሳፋሪዎች ሞተዋል። የተረፈው ብረት ተቆራርጦ ተሽጧል፤ ፍሬኗ ዘይት ይንካው አይንካው ከእንግዲህ ማንም አያውቅም። መርማሪዎቹ ባለሙያ ብለው ሲጠይቁኝ «የሾፌር ጥፋት ነው» ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

ባለፈው እሑድ የጌታቸው ሚስት ቤት ሄድኩ። በሩን ከፍታ ወንበር ልታቀርብልኝ ስትል ቆሜ ነገርኳት። አላለቀሰችም፣ አልረገመችኝም። ነጠላዋን አስተካከለች።

«ልጆቼ ትምህርት ቤት ‹አባታችሁ ሰው ገዳይ ነው› ይባላሉ» አለችኝ። «ለእኔ የነገርከኝን እንዳለ ለእነሱ ንገራቸው።» ከዚያ ወደ ጓሮ ዞራ ልጆቿን በየስማቸው ጠራች።